ውኃ ያጠጣሁት ፍሪሲዮን

ባለፈው ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ወደ ጭሮ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከተማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዳገት ላይ ለገመ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ወዲያው ያ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ። ቀንድ እሳት ላይ ሲወድቅ የሚሸተውን የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ትንሽ ላስቲክ ይጨመርበት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በሻርፓቸው አፍንጫቸውን ይዘው «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አሉ። እኔ ግን ሽቶ እንዳገኘ ሰው ደጋግሜ ሳብኩት። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ። ደህና ነበርኩ። ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ስለነበር ነው መሰለኝ የተጠራጠሩኝ። በሐሳቤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የአባቴ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነው። አባቴ ጀማል ጫት የሚጭንባት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሆነ «ዳማ» ይላታል። እናቴ ደግሞ «ጣውንቴ» ትላታለች፤ ምክንያቱም አባቴ እሁድ እሁድ ከቤት ሰው ይልቅ ዳማን ሲያጥብ፣ ሲያብስና ሲወለውል ነው የሚውለው። እኔም ለብዙ ጊዜ ጣውንት ማለት የመኪና ዓይነት ይመስለኝ ነበር።

ዳማ የያዘችው ሞተር የራሷ አልነበረም። የራሷ ሲደክም አባቴ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር አግኝቶ አስገጠመላት። የገጠሙላት ጋሽ ከድር ናቸው። ጋሽ ከድር በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ከተማችንን ጭሮን አሁንም በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ብለው የሚጠሩ መካኒክ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ጥፍር አልነበረውም፤ ድሮ መዶሻ መትቶት ነው ይባላል። ሞተር ሲያዳምጡ ሁልጊዜ ያንኑ ጣት ብረቱ ላይ ስለሚያሳርፉ፣ እኔ ጥፍሩን ሆን ብለው ለማዳመጫ ብለው ያስነቀሉት ይመስለኝ ነበር። ጎበዝ መካኒክ ለመሆን ጥፍር መነቀል ካለበት እኔ አልሆንም ብዬም ወስኜ ነበር።

አዲሱ ሞተር ዳማን ሌላ መኪና አደረጋት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበደሳም ሆነ ከመቻራ ጫት ጭና ስትመጣ ዳገት ላይ የሚያዘግሙትን ሁሉ እየቀደመች ትገባለች። የሰፈር ልጆች ድምጿን ከሩቅ ለይተን «ዳማ መጣች!» እያልን መንገድ ዳር እንሰለፋለን። ያኔ በጀማል ልጅነቴ የኮራሁትን ያህል ከዚያ በኋላ በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ክረምቱ ገባና ችግሩ መጣ። ሞተሩ የትልቅ መኪና፣ ፍሪሲዮኑ የትንሽ መኪና ነበር። የሞተሩን ጉልበት ይዞ ለጎማው ማቀበል የፍሪሲዮኑ ሥራ ነው፤ ያን ሁሉ ጉልበት ግን መያዝ አቃተው። ከበደሳ በኋላ ያለው ዳገት ጭቃ ሲሆን ሞተሩ ያጓራል፣ ዳማ ግን ባለችበት ትዳክራለች፣ ሽታውም ይመጣል። አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ እስኪበርድ ይጠብቃል። ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ለጫት ሞት ነው።

አባቴ የሚጭነው ጫት የአዴ ዘይነባ ነበር። አዴ ዘይነባ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከግቢያቸው አልፎ መስጊዱ ጋ የሚሰማ ሴት ነጋዴ ናቸው። ጫቱ ጎህ ሲቀድ ተቆርጦ፣ ከቀትር በፊት ጭሮ ግቢያቸው ገብቶ፣ ተለይቶና ታስሮ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው መኪና መጫን አለበት። ከቀትር በኋላ የገባውን ጫት ገልጠው ያዩና «ይሄ ለፍየል ነው» ይሉታል። ፍየል ባይኖራቸውም።

ክረምት ትምህርት ስለሌለ እኔም እሳቸው ግቢ ሥራ ነበረኝ። ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የፕላስቲክ ጆግ ይዤ ዙርባዎቹ ላይ፣ ማለትም ታስረው በተደረደሩት የጫት እስሮች ላይ፣ ውኃ እረጫለሁ። ከዚያ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ እርጥብ ጆንያ አለብሳቸዋለሁ። ያስተማሩኝ ራሳቸው አዴ ዘይነባ ናቸው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጫት ማለት ሕፃን ነው» ብለውኝ ነበር በመጀመሪያው ቀን። «ከደረቀ አለቀ። ሳይጫን የሚያድር ካለ ጠዋት ታጠጫለሽ፣ ማታ ታጠጫለሽ። ቢስሚላህ በይና ጀምሪ።»

ጎበዝ ነበርኩ። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከጉብዝናዬ የመጣ ስለሆነ ነው።

አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ አርፍዶ የገባ ቀን ጆጌን ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። አዴ ዘይነባ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አዩ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ሸፈኑ። አልጮሁም። ጩኸታቸውን የለመደ ሰው ዝም ሲሉ ነው የሚፈራቸው።

«ጀማል፣ አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ወላሂ እወድሃለሁ» አሉት። «ግን መኪናህን አሠራ። መጪው ሰኞ ከቀትር በፊት ካልገባህ ጫቴን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«ኢንሻአላህ፣ አዴ» አለ አባቴ።

ምሳ ላይ እናቴ «እና ካልሆነስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ካልሆነማ ጅቡቲ ነዋ» አለ። «የከባድ መኪና ሹፌር እየፈለጉ ነው። እዚያ እመለሳለሁ።»

እናቴ የዘረጋችውን እጅ ከትሪው መለሰች።

ጅቡቲን አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት እስኪሞላኝ አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ጅቡቲ አገር መሆኑን ሳላውቅ በፊት፣ አባቶችን እየወሰደ በምትካቸው ብስኩት የሚልክ ሰውዬ አድርጌ ነበር የማስበው። አንድ ጊዜ አባቴ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሲመጣ «ሰውዬ ቤታችን ገባ!» ብዬ እየጮህኩ ወደ ጎረቤት ሮጫለሁ። ይህን ታሪክ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር እያነሱ ይስቁበታል። አባቴ ግን ሲወራ ስቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ጅቡቲን ትቶ ዳማን የገዛው። ስለዚህ ያን ቀን ምሳዬን ምንም እንዳልሰማ ሰው አጎንብሼ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ተከትዬ ጋሽ ከድር ጋራዥ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ዳማን አስነስተው፣ አዳምጠው፣ ነድተው ተመለሱና ሁለት መዳፋቸውን አጋጠሙ።

«ይኸውልህ፣ ይሄ ሞተር ነው፣ ይሄ ጎማ። ተጣብቀው ሲዞሩ መኪናው ይሄዳል። አንተ ሞተሩን አጎለመስከው፣ መያዣውን ግን እንደ ድሮው ተውከው። ምን ያድርግ? ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሽ ከድር?»

«ድሬዳዋ ለእንዲህ ዓይነት ጉልበት የተሠራ ጠንካራ ፍሪሲዮን አለ። ስፕሪንጉ ከባድ ነው፣ ፔዳሉ እግርህን ያስለቅስሃል። ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«እሱስ አይቃጠልም?»

«ተንከባክበህ ከያዝከው አይቃጠልም» አሉ ጋሽ ከድር።

ተንከባክቦ መያዝ! ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዕቃው ሐሙስ ዕለት ከድሬዳዋ በአውቶብስ መጣ። አባቴ ካርቶኑን በረንዳ ላይ ሲከፍተው ሁላችንም ከበብነው። ውስጡ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ሁለት እጅ የሚፈልግ ከባድ ክብ ብረት ነው፣ ዲስኩን የሚጫነው። ሌላው ራሱ ዲስኩ ነው። የድሮው ዲስክ ድፍን ክብ ነበር፤ ይሄኛው ግን መሐሉ ላይ እምብርት፣ ዙሪያውን ስድስት የተዘረጉ ቅጠሎች ያሉት አበባ ይመስላል። አባቴ በጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር የሚነካው። ጋሽ ከድር የሌላ ሰው መኪና አውርደው ስለነበር ሥራው የሚጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባቴ ካርቶኑን ጓዳ አስገብቶ ለታናናሽ ወንድሞቼ «ማንም እንዳይነካው!» አለ። ሲናገር ወደ እኔ አላየም ነበርና ትእዛዙ እኔን አይመለከትም ብዬ ተረጎምኩት።

እሱ ከቤት እንደወጣ ሥራዬን ጀመርኩ። ከጎረቤት ሁለት ትልልቅ የሙዝ ቅጠል አመጣሁ። ጆንያ ነከርኩ። ቢስሚላህ አልኩና ዲስኩን በአንዱ ቅጠል፣ ብረቱን በሌላው ጠቅልዬ፣ ውኃ ረጭቼ፣ እርጥቡን ጆንያ አልብሼ ካርቶኑ ውስጥ መልሼ አስተኛኋቸው። አርብ ጠዋት አጠጣኋቸው። አርብ ማታ አጠጣኋቸው። የሚቃጠለው የደረቀ ነገር ነው፤ ይሄኛው ደርቆ አይቃጠልም፤ አባቴም የትም አይሄድም። አርብ ማታ የተኛሁትን የመሰለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳማ ክሪክ ላይ ቆማ፣ ካምቢዮዋ ወርዶ፣ ሆዷ ተከፍቶ ነበር። አባቴ ካርቶኑን ተሸክሞ ጋራዥ ሲገባ ቂጡ ርሶ ስለነበር ተቀደደና ጥቅልሎቹ ዱብ ዱብ አሉ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምስጋናዬን እየጠበቅኩ ነው።

ጋሽ ከድር ቅጠሉን ፈቱት። ጥፍር የሌለውን ጣታቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉና ሲያነሱት ጣታቸው የበርበሬ ወጥ የነካ መስሎ ቀልቷል። ዝገት ነው። ዲስኩን ሲያነሱት ከቅጠሎቹ መሐል ውኃ ጠብ ጠብ አለ።

«ያ ረቢ! ምንድነው ይሄ ጀማል?»

አባቴ የሙዝ ቅጠሉን አየ። ጆንያውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ደረቴ ቀስ እያለ ተነፈሰ።

«እኔ ነኝ» አለ ለጋሽ ከድር። «ደጅ ረስቼው ዝናብ መታው።»

«አንተ? ዕድሜህን ሙሉ መኪና የነዳህ ሰው?»

«ረሳሁት አልኩዎት እኮ።»

አባቴ ይዋሻል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ግራ ተጋባሁ። ምናልባት እኔ ሳላይ ደጅ አውጥቶት ይሆናል አልኩ። እንደውም እኔ ባልሸፍነው ኖሮ የባሰ ይመጣ ነበር ብዬ ለጥቂት ደቂቃ ልቤ ተጽናና።

ጋሽ ከድር ግን «ሀያት፣ እስቲ ነይ። እጅሽን አምጪ» አሉኝ። መዳፌን ከመዳፋቸው ጋር አጋጥመው ጫን አሉና «ጎትቺው» አሉኝ። ጎተትኩ፤ ያ ሻካራ እጅ አልለቅ አለኝ። ከዚያ የሁለታችንንም እጅ ከባልዲ ውኃ አርሰው እንደገና አጋጠሙት። እጄ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«ፍሪሲዮን ውኃ አይወድም። ዘይትም አይወድም። የሚፈልገው ሁለት ደረቅ እጅ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ግን ዓይናቸው ላይ ሁሉንም እንዳወቁ አየሁ፤ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ጋሽ ከድር ብርጭቆ ወረቀት ቀድደው ሰጡኝና ዝገቱን መፈግፈግ ጀመርኩ፤ በጠባቡ ቦታ የምትገባው የእኔ ትንሽ ጣት ስለነበረች እኔ ካልፈገፈግኩ የሚፈገፍግ አልነበረም። ዲስኩን ጋሽ ከድር እሳት አናሳየውም ስላሉ አባቴ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ለፀሐይ አሰጣው። ያ ፀሐይ ደግሞ የክረምት ፀሐይ ነው። ብቅ ሲል አባቴ ይወጣል፣ ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል ዲስኩን በሸሚዙ አቅፎ ይወርዳል። ሰባት ጊዜ ወጥቶ ሰባት ጊዜ ወርዷል፤ ቆጥሬአለሁ። ይቅርታ ልለው በወረደ ቁጥር አፌን እከፍታለሁ፣ እሱ ደግሞ በወረደ ቁጥር ራሴን ዳበስ አድርጎ ያልፋል። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዴ ዘይነባ ጃንጥላ ይዘው ራሳቸው መጡ። የዳማን ሆድ አዩ፣ ጣሪያው ላይ የተቀመጠውን አባቴን አዩ።

«ማል ተኤ? ምን ሆኖ ነው?»

«ዕቃውን ዝናብ መታው፣ አዴ። እኔ ነኝ ደጅ የረሳሁት።»

«አንተ ረሳህ?»

«አዎ፣ እኔ።»

አዴ ዘይነባ «እሺ» አሉና ሄዱ። እኔ እንኳን በቀላሉ አለፈ ብዬ ተንፈስ አልኩ።

እሁድ ማታ ላይ ዳማ ተገጣጥማ በእግሯ ቆመች። ሰኞ ንጋት አባቴ «ነይ፣ አብረን እንሞክራት» ብሎ ይዞኝ ሄደ። በደሳ ጫት ከጫንን በኋላ ሊነሳ ሲል ዳማ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። እንደገና አስነሳት፤ እንደገና ዘላ ጠፋች። ጋሽ ከድር እንዳሉት ያ ፍሪሲዮን ቀልድ አያውቅም፤ ወይ ይዟል ወይ ለቋል፣ መሐል የለውም። አጠገባችን የነበሩት ሹፌሮች በሳቅ ሞቱ።

«ጀማል፣ መንጃ ፈቃድ ዛሬ ነው እንዴ ያወጣኸው?»

«ሱታ! ሱታ! ቀስ ብለህ ልቀቃት አቦ!»

አባቴም አብሮ ሳቀ። ግራ እግሩ ግን ፔዳሉን ሲረግጥ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። በሦስተኛው ተነሳን።

ዳገቱ ጋ ደረስን። ጭቃው ከወትሮው የባሰ ነበር። ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር አፍንጫዬን ቀስሬ ሽታውን ጠበቅኩ። አባቴም አፍንጫውን እንደቀሰረ በጎን አይቼዋለሁ። የእርጥብ አፈርና የጫት ሽታ ብቻ ነው የሚመጣው። ዳማ ከሥር እንደሚገፏት ሆና እየወጣች፣ እየወጣች፣ አናቱ ላይ ደረሰች። «አልሀምዱሊላህ» አለ አባቴ፣ እኔም አልኩ።

የቀትሩ የዙሁር አዛን ሳይሰማ አዴ ዘይነባ ግቢ ገባን። ገና ስንገባ ግን አንድ ሰማያዊ ፒክአፕ ቆሞ አየን፤ ሹፌሩ፣ አንድ ወጣት ልጅ፣ ተደግፎት ቁልፉን ያሽከረክራል። ጫት የሚለዩት ሴቶች ቀና አሉና መልሰው አጎነበሱ።

አዴ ዘይነባ ጫቱን ገልጠው አዩ። ወዙ እንዳለ ነው።

«በሰዓትህ ገባህ ጀማል። መኪናህ ድናለች፣ ማሻአላህ» አሉ። «ግን ከነገ ጀምሮ ለዚህ ልጅ ሰጥቻለሁ።»

«አዴ፣ ምን አጠፋሁ?»

«መኪና ቢበላሽ እታገሣለሁ። ሰኞ ያልኩህም ለዚያ ነው። የራሱን ዕቃ ዝናብ ላይ ረስቶ የሚገባ ሰው ግን የእኔን ጫት ፀሐይ ላይ ይረሳል። እሱን ምን ብዬ እታገሣለሁ?»

አባቴ ወደ እኔ አየ።

«እሺ፣ አዴ» አለ።

ያቺን «እሺ» ስሰማ ያ ብስኩት የሚልከው ሰውዬ በር ላይ የቆመ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። እንደዚያ እንደምጮህ እኔም አላወቅኩም። «እኔ ነኝ ያጠጣሁት! በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ጠዋትና ማታ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ እንዳይደርቅ ብዬ! አባ አልረሳውም። አባ ምንም ነገር አይረሳም!»

አዴ ዘይነባ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩት።

«ዱጋ? እውነትሽን ነው?»

«ወላሂ።»

«ብረት ማጠጣት ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ጫት የሚለዩት ሴቶች ናቸው። ከዚያ አዴ ዘይነባ ራሳቸው ጆንያ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ትንፋሽ ሲያገኙ «ቢስሚላህ ብለሽ ነው?» ይሉኛል፣ «አዎ» ስላቸው ደግሞ ይብስባቸዋል። ሲበቃቸው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና እጄን ያዙኝ።

«አባትሽ እኮ ሸፍኖሽ ነበር። ማንም ሳያውቅብሽ ለምን ነገርሽኝ?»

«ጅቡቲ እንዳይሄድብኝ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም። አባቴ ያን ቀን ምሳ ላይ መስማቴን አያውቅም ነበር። ዞር አለና የዳማን ጎማ መመርመር ጀመረ፤ ጎማው ምንም አልሆነም። ባለ ሰማያዊው ልጅ ማንም ምንም ሳይለው «እኔ ሌላ ጭነት አላጣም፣ አዴ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ስሙን እንኳን አላውቅም፤ አላህ ይስጠው።

«ነገ በስንት ሰዓት ልሂድ?» አለ አባቴ፣ ጎማውን እንዳየ።

«እንደ ዛሬው ሂድ» አሉት አዴ ዘይነባ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» አሉት።

ጫቱ ከወረደ በኋላ አባቴ ዳማን እዚያው ግቢ አቁሞ ጎንበስ አለና «ታዘይ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አይታዘልም፤ እግሬ ጉልበቱ ጋ ይደርሳል። ግራ እግሩ በአዲሱ ፔዳል ስለዛለ እያነከሰ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ በጭሮ አስፋልት ላይ ወደ ቤት አዝሎኝ ወረደ። ዳማ ድና፣ ዳገቱን እንዲያ ወጥታ፣ በእግር መሄዳችን አልገባኝም።

«አባ፣ በመኪና ለምን አንሄድም?» አልኩት።

«ቶሎ እንዳንደርስ» አለኝ።